«ዲኮደሩ ተቃጥሏል» ባዮች

የሞዴል ባቡር ወዳጆች ሎኮሞቲቩ ትእዛዝ አልሰማ ሲል የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፦ «ዲኮደሩ ተቃጥሏል!» በዚህ ፍርድ ብዙ ደህና ዲኮደር በብየዳ ተነቅሎ ሲጣል አይቻለሁ።

ፍርዱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዲሲሲ፣ ማለትም በዲጂታል መቆጣጠሪያ አሠራር፣ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ። ጥፍር የምታክለው ዲኮደርም በሐዲዱ ከሚመጣው ትእዛዝ የራሷን አድራሻ ስትሰማ ብቻ ሞተሩን ታዞራለች። የሞተሩ ብሩሽ ከብረት ሻሲው ጋር ከተነካካ፣ ወይም የተያዘ ሞተር ከአቅሟ በላይ ከሳበ፣ በእርግጥ ትቃጠላለች። አንዳንዴ የሞተሩ መውጫ ብቻ ተቃጥሎ መብራቱ ደህና ይሆናል። ታዲያ ይህ መጨረሻ ላይ የሚጠረጠር እንጂ መጀመሪያ የሚፈረድ አይደለም።

አንድ ወዳጄ ያገለገለ ሎኮሞቲቭ ገዛ። መብራቱ ይበራል፣ ጥሩንባው ይጮኻል፣ መንቀሳቀስ ግን የለም። ባለሱቁ ከፍቶ እንኳ ሳያይ «አዲስ ዲኮደር ግዛ» አለው። ፕሮግራም ማድረጊያው ሐዲድ ላይ አስቀምጠን ሲቪ 19ን (ሲቪ የዲኮደሯ ማስተካከያ የሚጻፍበት ባለቁጥር ቦታ ነው) ስናነብ 12 ይላል። የቀድሞው ባለቤት ከሌላ ሎኮሞቲቭ ጋር አጣምሮ ሲነዳው ኖሮ፣ ጥምረቱን ሳይፈታ ሸጦታል። ሲቪ 19 ላይ የጥምረት አድራሻ ካለ ዲኮደሯ የፍጥነት ትእዛዝ የምትቀበለው በዚያ አድራሻ ነው፤ በራሷ ቁጥር ብትጠሯት ንቅንቅ አትልም። 0 ጻፍንበት፣ ሄደ። የአዲስ ዲኮደር ዋጋ እዚያው ኪሱ ቀረ።

ከዚህ የሚብሰው «ሪሴት አድርገው» የሚለው ግማሽ ምክር ነው። በብዙ ዲኮደሮች ሲቪ 8 ላይ 8 ሲጻፍ ሁሉም ነገር ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ አድራሻውም 3 ይሆናል። መካሪው ይህን አይናገርም። ሰውዬው በድሮው ባለአራት አሃዝ ቁጥር ይጠራል፣ መልስ ያጣል፣ «አሁንስ ለይቶለት ሞተ» ይላል። በ3 ጥሩት። ረጅሙን ቁጥር መመለስ ከፈለጋችሁም ሲቪ 29 ላይ 32 መደመር አለበት፤ 6 የነበረው 38 ይሆናል ማለት ነው።

«ሲቪው አልነበብ አለ፣ ስለዚህ ሞቷል» የሚሉም አሉ። ዲኮደር የምትመልሰው ለቅጽበት ተጨማሪ ኤሌክትሪክ በመሳብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን በትንሹ በመነቅነቅ። ጎማው ከቆሸሸ ወይም የሞተሩ ሽቦ ከተላቀቀ መልሱ አይሰማም። መጀመሪያ ጎማውን ጥረጉ።

ስትጠርጉ ታዲያ ብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ። ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል፤ አይሶፕሮፒል አልኮል የነካ ጨርቅ ይበቃል።

«ዲኮደር የሌለው ሎኮሞቲቭም በአድራሻ 0 ይነዳል» ይባላል። ትእዛዝ የሚልከው መቆጣጠሪያ ጣቢያ ከፈቀደ ይነዳል፤ ቆሞም ቢሆን ሞተሩ እያቃሰተ ይግላል። ኮርለስ የሚባለው ሞተር ከሆነ ያኔ የምር ይቃጠላል።

«ዲጂታል ሁለት ሽቦ ብቻ ይበቃዋል» የሚለው ለትንሽ ቀለበት ያስኬዳል። ሐዲዱ ሲረዝም ግን ኃይሉ በየመጋጠሚያው ይደክማል። ይህን ለመፈተሽ ከጣቢያው እጅግ በራቀው ቦታ ሁለቱን ሐዲዶች በብረት ሳንቲም አገናኙ፤ ጣቢያው ወዲያው ኃይሉን መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ ሳንቲሙን ቶሎ አንሱና ወደዚያ ተጨማሪ ሽቦ ዘርጉ።