አገውኛ አንድ ቋንቋ ነውን?



ከላሊበላ ተነሥቶ በስተ ሰሜን ወደ ሰቆጣ የሚጓዝ ሰው፥ ዋግ ከገባ በኋላ በገበያ መካከል ከአማርኛ የተለየ ንግግር ይሰማል። ምን ቋንቋ ነው ብሎ ቢጠይቅ «አገውኛ» ይሉታል። ያው መንገደኛ ሌላ ጊዜ ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ እንጅባራ ላይ ቢገኝና ይህንኑ ቢጠይቅ፥ መልሱ እንደ ገና «አገውኛ» ነው። ነገር ግን የሰቆጣውና የእንጅባራው ገበሬ በየአፋቸው ቢነጋገሩ አይግባቡም። የፊተኛው ቋንቋ ኽምጣኛ፥ የኋለኛው አዊኛ ነውና።

በደቡባዊ አፍሪቃ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። በቦትስዋና ሴትስዋና፥ በሌሶቶ ሴሶቶ፥ በደቡብ አፍሪቃ ሰሜናዊ ክፍል ሴፔዲ የሚባሉት የባንቱ ቋንቋዎች እጅግ የተቀራረቡ ስለ ሆኑ ተናጋሪዎቻቸው በብዙው ይግባባሉ። ሰውን ሦስቱም «ሞቶ» ይሉታል፤ ውሃን ሁለቱ «ሜጺ»፥ ሴፔዲ «ሜጼ» ይለዋል። (እኛ በቋንቋ ስም መጨረሻ «ኛ» የምንለውን፥ እነርሱ «ሴ» ብለው በመጀመሪያ ያኖሩታል።) ታዲያ ስለ ምን ሦስት ሆኑ ቢሉ፥ አንዱ ምክንያት ጽሕፈት ነው። በ19ኛው ምዕት ዓመት እንግሊዛውያን፥ ፈረንሳውያንና ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን በየሰፈሩበት ቦታ የሰሙትን አነጋገር በየራሳቸው አጻጻፍ ጻፉት፤ ሮበርት ሞፋት የሴትስዋናውን መጽሐፍ ቅዱስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1857 ፈጸመ። የደቡብ አፍሪቃ ሕገ መንግሥትም በ1996 ሦስቱን ለየብቻ የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ዘረዘራቸው። እዚያ ለአንድ አነጋገር ሦስት ስም ወጣለት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፤ እኛ ዘንድ ግን የተለያዩ ቋንቋዎች በአንድ ስም ተጠሩ።

የቋንቋ ሊቃውንት በአገው ወገን አራት ቋንቋ ይቈጥራሉ፤ ከሁለቱ በቀር በኤርትራ በከረን አካባቢ የሚነገረው ብሊንና በጎንደር አካባቢ ያለው ቅማንትኛ ናቸው። ዝምድናቸው አያጠራጥርም። ውሃ በብሊን «ዓቍ»፥ በኽምጣኛ «አቍ»፥ በቅማንትኛ «አዅ» ሲባል፥ አዊኛ ድምፁን አላልቶ ወደ «አጉ» ያስጠጋዋል። ከብሊን ወገኖችም አንዱ አባቶቹ ከላስታ እንደ መጡ ይተርካል።

ላስታ ራሷ የዛጔ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች፤ የቅዱስ ላሊበላንም ስም ትውፊት በአገውኛ ከንብ ጋር አያይዞ ይፈታዋል። ዛሬ በከተማዪቱ የሚሰማው አማርኛ ነው።

ነገሩ ለመሥሪያ ቤት ሰው የቃላት ጨዋታ አይደለም። «አገውኛ ይችላል» ተብሎ ከእንጅባራ የተላከ አስተርጓሚ በሰቆጣ ፍርድ ቤት ቢቆም፥ ዳኛውና እርሱ በአንድነት ባለጉዳዩን ሳይሰሙ ይውላሉ። ስለዚህ መዝገብ የያዘ ጸሓፊ፥ ሰውዬው ቋንቋውን በቤቱ ማን ብሎ እንደሚጠራው ቢጠይቅ ይሻላል፤ የሰቆጣው «ኽምጣጛ»፥ የእንጅባራው «አውኚ» ይለዋል።

የወል ስም ደግሞ ጥፋትንም ይሸፍናል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሕዝብ ከ170 ሺህ በላይ ሲሆን፥ በቋንቋው አፍ የፈታው 2 ሺህ እንኳ አልሞላም። አዊኛና ኽምጣኛ በየአገራቸው ለልጆች በትምህርት ቤት ሲሰጡ፥ ቅማንትኛን በይበልጥ የያዙት ሽማግሌዎች ናቸው።