ደራሲው፣ ድርሰቱና ሸማቹ

የቴፒ ቡና ቀማሽ የፍሬውን ጣዕም ይመዝናል እንጂ የባለማሳውን ጠባይ አይጠይቅም። ታዲያ ከደመወዙ ቀንሶ መጽሐፍ የሚገዛ ሠራተኛ የደራሲውን ፖለቲካና ሥነ ምግባር ሊጠይቅ ይገባዋልን? ጥያቄው የሕዝብን ታሪክና የሕዝብን ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ በጥሞና ሊመረመር ይገባል።

ከቴፒ በሚዛንና በቦንጋ በኩል ወደ መሀል አገር የሚጫነው ቡና በጅማ ያልፋል። በዚያች ከተማ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በግዞት ኖረው አርፈዋል። እኚህ የዘጌ ተወላጅ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ይሁን እንጂ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፣ አርበኞች በየዱሩ ሲወድቁ፣ እሳቸው ከወራሪው ጋር ወገኑ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተቀበሉ።

አንዳንዶች «የባንዳ መጽሐፍ ይጣል» ይላሉ። በዚያ ዘመን ወገኑን ያጣ ቤተሰብ ቁጭቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከዚያው መጽሐፍ አርእስት የመጣ ነው። መጽሐፉን ብንጥል ቃሉን ምን ልናደርገው ነው? ሌሎች ደግሞ «ሥራው ካማረ የሰውየው ታሪክ ምን ያደርግልናል» ይላሉ። ይህም ክህደትን በውበት መሸፈን ነው።

ሁለቱም ወገኖች የሳቱት ነገር አለ። ማንበብ፣ መክፈልና ማክበር ሦስት የተለያዩ ተግባሮች ናቸው። ሟች ደራሲ ከሽያጩ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም፤ ስለዚህ ሥራውን እናንብብ፣ ጥፋቱንም ሳንሸሽግ ለልጆቻችን እንንገር። በሕይወት ላለ ከያኒ ግን ከሠራተኛው ላብ የሚከፈለው ብር ለድርጊቱ ስንቅ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ኪስን መዝጋት የሸማቹ መብት ነው።

መብቱ የሸማቹ እንጂ የባለሥልጣን አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብ ፈራጁ አንባቢ አልነበረም። ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛቸው ጠፋ፤ መጽሐፉ ግን ዛሬም ይነበባል።

እንግዲህ በየቀበሌውና በየሥራ ቦታው መጽሐፍ ሲነሣ የደራሲውም ታሪክ አብሮ ይነሣ። ጎበዝ ቡና ለቃሚ አረንጓዴ ፍሬ አየሁ ብሎ ዛፉን አይቆርጥም፤ ቀይ አየሁ ብሎም ቅርንጫፉን በጅምላ አይገፍፍም። ፍሬ በፍሬ እየለየ ይለቅማል።