ላዳ ሁለት ዕድሜ አላት
ሊብሬው የማይነግረን የመኪና ዘመን

በመኪና ገበያ ደላላ አስቀድሞ የሚጠየቀው «የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?» ተብሎ ነው። መልሱም ከሊብሬው ላይ ይነበባል። ይሁንና ሊብሬው የሚናገረው መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበትን ዘመን እንጂ የተነደፈችበትን ዘመን አይደለም። በሁለቱ መካከል የአርባ ዓመት ልዩነት ሊኖር ይችላል። ለመለዋወጫ አቅርቦትም ሆነ መልሶ ለመሸጥ ግን ሁለቱም ዕድሜዎች ይቆጠራሉ። ለዚህ ከላዳ የተሻለ ምስክር አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከላይ ልብስ፣ ከታች አጥንት

የመኪና ፋብሪካዎች «ፕላትፎርም» የሚሉት ከላይ የማይታየውን የመኪና አጥንት ነው። የወለሉ ብረት፣ የፊትና የኋላ እግር አገጣጠም፣ የመሪው ሥርዓት፣ የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ኮፈን፣ መብራት፣ ፓራውርትና የውስጥ ወንበር ልብስ ናቸው። ልብሱ በየአምስት ዓመቱ ሊቀየር ይችላል፤ አጥንቱ ግን አርባ ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ለአንድ ፕላትፎርም ንድፍ፣ ሻጋታና ማሽን 100 ሚሊዮን ብር ወጣ እንበል። ፋብሪካው 100 ሺሕ መኪና ብቻ ቢሠራበት እያንዳንዷ መኪና 1,000 ብር ትሸከማለች። አንድ ሚሊዮን ቢሠራበት ግን ሸክሙ ወደ 100 ብር ይወርዳል። ወጪው ተመልሶ ካለቀ በኋላ የሚመረተው መኪና የጥሬ ዕቃና የጉልበት ዋጋ ብቻ ይዞ ይወጣል። አሮጌ ሞዴል በርካሽ የሚሸጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከቶሪኖ እስከ ቮልጋ

ፊያት 124 በጣሊያን ገበያ የወጣችው በ1966 ሲሆን፣ በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸልማለች። በዚያው በ1966 ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋውላ በቮልጋ ወንዝ ዳር በቶግሊያቲ ከተማ በዓመት 660 ሺሕ መኪና እንዲያመርት የታቀደ ፋብሪካ ማቋቋም ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1970 ወጡ።

መኪናዋ ግን እንደ ወረደች አልተቀዳችም። የሩሲያን መንገድና ብርድ እንድትችል ከ800 የሚበልጡ ለውጦች ተደርገውባታል። ብረቷ ወፈረ፤ ከመሬት ከፍ አለች፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗ ጭቃ ስላልቻለ በከበሮ ፍሬን ተተካ፤ ሞተሯም ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በዚያው አጥንት ላይ በ1972 ባለ አራት መብራቷ 2103፣ በ1976 2106፣ በሰማንያዎቹ መግቢያ 2105ና 2107፣ ቀጥሎም ጭነት የምትችለው 2104 ተከታትለው ወጡ። ፊያት ራሱ 124ን በ1974 ሲያቆም፣ ሩሲያ 2107ንና 2104ን እስከ 2012 ስታመርት ቆየች። የእነዚህ እኅትማማቾች ጠቅላላ ቁጥር ከ17 ሚሊዮን ይበልጣል።

ዘመዶቻቸው በሌላም አገር አሉ። በስፔን ሴአት እስከ 1980፣ በቱርክ ቶፋሽ እስከ 90ዎቹ አጋማሽ ድረስ 124ን በየስማቸው ሠርተዋል። በሕንድ ደግሞ በ1985 በዚያው አካል ላይ የኒሳን ሞተር ተጭኖ ለገበያ ቀርቧል። ጎማዎቿ ሁሉ የሚነዱት ኒቫም በ1977 ስትወጣ የራሷ አካል ቢኖራትም ሞተሯና ብዙው ዕቃዋ የተወሰደው ከእነዚሁ ላዳዎች ነው።

ገዢው ምን ያተርፋል? ምንስ ያጣል?

በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ የለበሱት የላዳ ታክሲዎች ለዓመታት የቆዩት ስለማይበላሹ አይደለም። ሲበላሹ ዕቃው ስለሚገኝ፣ መካኒኩም ስለሚያውቃቸው ነው። እኅት የበዛላት መኪና አንዷ ስትወድቅ ለሌላዋ መለዋወጫ ትሆናለች። ባለ ታክሲው የሚከስረው መኪናው በቆመበት ቀን ስለሆነ፣ ይህ በገንዘብ የሚተመን ጥቅም ነው።

የመለዋወጫ ነጋዴ ግን አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ፕላትፎርም አንድ ሆነ ማለት ሁሉም ዕቃ ይገጥማል ማለት አይደለም። የፊያት 124 የኋላ ፍሬን ለላዳ አይሆንም፤ የ2106 የፊት መብራት ለ2107 አይሆንም። ከታች ያለው ዕቃ ለብዙ ሞዴል ስለሚሆን አይጠፋም፣ ትርፉም ቀጭን ነው። ምርት ሲቆም ቶሎ የሚወደደው ለአንድ ሞዴል ብቻ የሚሆነው መብራት፣ ግሪልና ፓራውርት ነው።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። በ60ዎቹ የተነደፈ አጥንት የዛሬውን የግጭት መከላከያ አያውቅም። መብራትና ዳሽቦርድ ቢቀየርለትም መሠረቱ ያው ነው። ላዳ በ1997 ከእንግሊዝ ገበያ ስትወጣ አንዱ ምክንያት የጭስ ደንብ መጥበቁ ነበር። አሮጌ ፕላትፎርምን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ዝገት ሳይሆን ሕግ ነው።

የላዳ ፋብሪካም ይህን ሲያይ ወደ ሬኖ ዞረ። በ2004 ለዳቺያ ሎጋን በተሠራው አጥንት ላይ በ2012 ላዳ ላርጉስን አወጣ። ዳቺያ ሎጋንን በ2020 ወደ አዲስ ፕላትፎርም ቢያዛውርም፣ ሬኖም በ2022 ከሩሲያ ቢወጣም፣ ላርጉስ በ2024 እንደገና መመረት ጀምራለች። የ124 ታሪክ ራሱን ደገመ ማለት ነው።

ለእኛ ገበያ

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው ከበፊቱ ይልቅ ከብዷል። ያለችውን የነዳጅ መኪና የሚገዛ ሰው የሚገዛው የወደፊት መለዋወጫዋንም ጭምር ነው። ስለዚህ «የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?» ከሚለው ጎን «እኅቶቿ ስንት ናቸው? እስከ መቼስ ተመረቱ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

ለኤሌክትሪክ መኪናም ሒሳቡ ያው ነው። በከተማችን የምናያቸው የፎልክስዋገን አይዲ 4ና አይዲ 6 የቆሙት በአንድ ፕላትፎርም ላይ ነው፤ ኦዲና ስኮዳም ይጋሩታል። እንዲህ ያለ ብዙ ዘመድ ያላት መኪና ከፋብሪካ ብትቋረጥ እንኳ ዕቃ የማግኘት ዕድሏ ይሰፋል። ብቻዋን የቆመች ሞዴል ግን ዛሬ በርካሽ ብትገኝም፣ ባትሪዋ ወይም የመቆጣጠሪያ ቦርዷ የተበላሸ ቀን ርካሽነቷ ያበቃል። ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሁለቱንም ዕድሜ ይጠይቅ።