የልጄ ጣትና የጊታሩ አንገት

አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ባለፈው ክረምት ሲመጣ ለ13 ዓመቷ ልጄ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ጥቁር ጊታር ይዞላት መጣ። አንድ ወር ሙሉ ከእጇ አልተለየም። በሁለተኛው ወር አልጋ ሥር ገባ። "እማዬ፣ ጣቴን አቃጠለኝ" ብላ የግራ እጇን ዘረጋችልኝ። የጣቶቿ ጫፍ ቀልቶ ቆዳው ተልጧል።

ክሩን በቀጭን መለወጥ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጊታር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ስወስደው ግን ገልብጠው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "እህቴ፣ ይሄ ብሎን የለውም። ክሩን ብታሳሺው አንገቱ ይቃናል። ዝዝ ማለት ከጀመረ በምን እንመልሰዋለን?"

ፍርሃታቸው መሠረት አለው። የጊታር አንገት ቀጥ ያለ ይምሰል እንጂ መሐሉ ላይ በጣም ጥቂት መሰርጎድ አለበት፤ የተመታው ክር የሚርገበገብበት ቦታ የሚያገኘው በዚያ ነው። በእንጨት ጊታር ስርጉዱን የሚፈጥረው የክሩ ጉተታ ነው። በ12 የሚጀምሩት ክሮች (የቀጭኗ ውፍረት 0.012 ኢንች፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ) ተቃኝተው ሲወጠሩ ስድስቱ በድምሩ ወደ 73 ኪሎ ይጎትታሉ። በ10 የሚጀምሩት ወደ 57 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ ሲቀልለት የእንጨት አንገት ይቃናል፤ ክሩም ፍሬቶቹን እየነካ ይንጫጫል። ያኔ ጠጋኙ አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ በብሎኑ ያላላዋል። ብዙ የካርቦን ጊታሮች ግን ዘንግ የላቸውም፤ ስርጉዱ ከአንገቱ ጋር አብሮ ተሠርቶ ይመጣል። (ያላቸውም ስላሉ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።)

ታዲያ ካርቦን እንደ እንጨት ይለመጣል? ማታ ከልጄ ጋር ለካነው። እሷ ወፍራሙን ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ እኔ አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ላይ ተጫንን። በነፃ እጄ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ ከክሩ ሥር የፎቶ ኮፒ ወረቀት አስገባሁ። አንዱ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። ሁለት ገባ፤ ሦስተኛው ክሩን አነሳው። በ10 የሚጀምሩትን አስረን፣ በስልክ ቃኝተን አሳደርነው። ጠዋትም ያው ሁለት ወረቀት! ለማነጻጸር የባለቤቴን አሮጌ የእንጨት ጊታር በተመሳሳይ ለውጥ ስንለካው ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። ወረቀት የላብራቶሪ መሣሪያ አይደለም፣ ረቂቅ ለውጥ ሊያመልጠው ይችላል። ካርቦኑ ግን እንደተፈራው አልተቃናም።

ሆኖም ልጄ ጠንከር አድርጋ ስትመታ ወፍራሙ ክር ዝዝ አለ። አዛውንቱ "አላልኩሽም?" አሉኝ። የወረቀቱን ነገር ስነግራቸው በራሳቸው መለኪያ ለኩና ዝም አሉ። ጥፋቱ የአንገቱ አልነበረም፤ ላላ ያለ ክር ሲመታ ሰፋ ብሎ ስለሚርገበገብ የቀድሞው ከፍታ አይበቃውም። ድልድዩ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ነጭ አጥንት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ክር ከፍ ባለ ቁጥር ለጣት ይከብዳል።

በ11 የሚጀምሩትን መረጥን። አዛውንቱ ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን አዩ፦ በጊታሩ ራስ በኩል ክሮቹ የሚያልፉባቸው ቦዮች ከፍ ብለው ነው የተቀረጹት። በቀጭን ሞረድ ጥቂት ዝቅ አደረጓቸው። ከክሩ ለውጥ ይልቅ ጣቷን ያሳረፈው ይኼኛው ይመስለኛል።

ጊታሩ ከአልጋ ሥር ወጥቷል። አሁን የምንጨቃጨቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለመጫወት ነው።