ፉርኖ፣ ፓስታ፣ ማኪያቶ ከየት መጡ?

ከተማ ወጥታችሁ ምግብ ቤት ገባችሁ እንበል። የምግብ ዝርዝሩ ላይ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ላዛኛ፣ ማኪያቶ፣ ጀላቲ የሚል ተጽፏል። ፊደሉ የኛው ነው። ቃሉ ግን የጣሊያን ነው። ፍቺው ምንድን ነው? እስቲ አብረን እንየው።

«ፓስታ» በጣሊያንኛ ሊጥ ማለት ነው። «ፎርኖ» የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ነው። እኛ ግን «ፉርኖ» ብለን የምድጃውን ስም ለዱቄቱና ለዳቦው ሰጠነው። «ጀላቲ» በብርድ የረጋ ማለት ነው። «ማኪያቶ» ደግሞ ጠብታ ያረፈበት እንደማለት ነው። በጣሊያን አገር ማኪያቶ ጥቂት ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ነው። የኛው ወተቱ ይበዛል።

ጣሊያኖች ቁርሱን «ኮላጺዮኔ»፣ ምሳውን «ፕራንዞ»፣ እራቱን «ቼና» ይሉታል። እኛ ወጡን ሁሉ ባንድ እንጀራ ላይ አድርገን፣ መሶቡን ከበን እንበላለን። እነሱ በተራ ነው የሚያቀርቡት። መጀመሪያ «ፕሪሞ» ይመጣል። አንደኛ ማለት ነው። ፓስታ፣ ሩዝ ወይም ሾርባ ይሆናል። ቀጥሎ «ሴኮንዶ»፣ ሁለተኛው፣ ሥጋ ወይም ዓሣ ነው። አጠገቡ የሚቀርበው አትክልት «ኮንቶርኖ» ይባላል። በመጨረሻ «ዶልቼ»፣ ጣፋጩ ይቀርባል።

ከመብላታቸው በፊት «ቡዎን አፔቲቶ» ይባባላሉ። ምግቡ ይጣማችሁ እንደማለት ነው። እኛ «እንብላ!» ብለን አላፊ አግዳሚውን እንጋብዛለን።

ሂሳቡ «ኮንቶ» ነው። በብዙ የጣሊያን ምግብ ቤቶች «ኮፔርቶ» የሚባል ክፍያም አለ። ለገበታውና ለዳቦው በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ነው። ዝርዝሩ ላይ ይጻፋል። ያነበበ አስቀድሞ ያውቀዋል። ያላነበበ ሲከፍል ይደነግጣል። የትም አገር ቢሆን ዋጋውን አንብቦ ማዘዝ ይበጃል።

ቃላቱ ወደ እኛ የመጡበት መንገድ ግን የምግብ ብቻ አልነበረም። ጣሊያን በ1882 ዓ.ም. ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ አለ። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ወረረ። አርበኞች አምስት ዓመት ተዋጉት። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ወጣች። ወራሪው ሄደ፤ የምግቡ ስም ቀረ።

«የጠላት ቃል ለምን እንናገራለን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ዛሬ ዱቄቱን የሚያቦካው የኛው ጋጋሪ ነው። ስንዴውን የሚያመርተውም የኛው ገበሬ ነው። ቃሉም የሚሠራበት ሰው ነው። መርሳት የሌለብን ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከፈለ ነው።

አሁን ደግሞ ብዕር አንሡ። «ፓስታ» እና «ፕራንዞ» የሚሉትን ቃላት ጻፉ። «ፐ» በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ቃላት ውስጥ የሚገኝ ፊደል ነው። በቤታችሁ የምትናገሯቸውን «ፐ» ያለባቸውን ሌሎች ሦስት ቃላት ፈልጋችሁ ጨምሩ።