በውርጭ አገር የምትኖር የድምብላል ዘመድ

እኔ የስሜን ልጅ ነኝ፤ ለትምህርት ወደ ከተማ እስክወርድ ድረስም በግ ጠባቂ ነበርሁ። ዛሬ የማወጋችሁ በእረኝነቴ ዘመን ስረግጣት ስለ ኖርሁ አንዲት ትንሽ አበባ ነው።

በባዮሎጂ እንደ ተማርነው ድምብላል፥ እንስላል፥ ነጭ አዝሙድና ካሮት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። (ጥቁር አዝሙድ ግን በስም እንጂ በዘር አይዛመዳቸውም።) መታወቂያቸው አበባቸው ነው፤ ይኸውም ቀጫጭን ዘንጎች ከአንድ ነጥብ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ተዘርግተው በጫፋቸው ደቃቅ አበቦችን ይይዛሉ። በእንስላል ላይ ከትልቁ ጃንጥላ ጫፍ ደግሞ ትንንሽ ጃንጥላዎች ይወጣሉ። የእኛይቱ ግን ሃፕሎስያድየም አቢሲኒኩም ትባላለች፤ የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ «ነጠላ ጥላ» ማለት ነው። ስሟን ያወጣላት ሆክሽቴተር የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፥ ይህም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም. ነው።

ግንድ የላትም። የተሰነጣጠቁ ቅጠሎቿ በክብ ተነጥፈው መሬት ላይ ተለጥፈዋል፤ አበባዋም ከመካከላቸው ብቅ ይላል እንጂ ሽቅብ አያድግም። ይህ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው ውርጭ አገር ቀን ፀሐይ ያቃጥላል፥ ሌሊት ውሃ ይረጋል። ነፋሱም ከፍ ያለውን ሁሉ ያደርቃል፤ ከመሬት አጠገብ ግን ይደክማል፥ አፈሩም ቀን የሞቀውን ያካፍላታል። ከሁሉ የከፋው በአፈር ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ሌሊት እንደ መርፌ እየረጋ አፈሩን ያነሣል፥ ለጋ ቡቃያዎችንም ከነሥራቸው ይነቅላል። ጠዋት ከበጎቹ ጋር ስንወጣ ከእግራችን ሥር ኩርሽም ኩርሽም ይል የነበረው እርሱ ኖሯል! የእርሷ ሥር ግን ወፍራምና ጠልቆ የገባ ስለ ሆነ በቀላሉ አይነቀልም። ግርማ ያለው ጅብራ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል፤ ይህች ከዚያው ሥሯ ደጋግማ ታብባለች።

በፋሲካ ዕረፍት ከአባቴ ጋር ወደ ተራራው ወጣን። በልጅነታቸው ገብስ ውርጭ ይመታው የነበረበት ተዳፋት ዛሬ ታርሷል። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ገብሱ ሽቅብ ይወጣል፥ አበባዋም ከፊቱ ትሸሻለች፤ ነገር ግን ተራራ ጫፍ አለው፤ ራስ ደጀን እንኳ ከ4,500 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። የድምብላል ዘመድ መሆኗን ለአባቴ ብነግራቸው፥ «ታዲያ ለወጥ ትሆናለች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከመጨረሻው ትልም ዳር ሦስት አገኘሁ። አንደኛዋን ማረሻው ገልብጧት ነበር፤ ወፍራም ነው ያልኋችሁን ሥሯን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።