ስኳሩ የቱ ጋ ነው?

ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሻይ ክፍል ስሠራ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ሻዩን አፈላለሁ፤ የሻዩን ቁርስም የምመርጠው እኔ ነኝ። እንግዳ ባዘዘ ቁጥር በሆዴ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፤ ስኳሩ ሲኒው ውስጥ ነው ወይስ ሳህኑ ላይ? ሁለቱም ጋ ከሆነ ምላስ ቶሎ ይሰለቻል።

ገና ስጀምር አንድ ጃፓናዊ አዛውንት ማቻ አዘዙኝ። ማቻ የአረንጓዴ ሻይ ቅጠል ዱቄት ነው፤ ሙቅ ውሃ ተጨምሮበት በቀርከሃ መምቻ ይመታል፣ ስኳር አይነካውም። እኔ እንደ ቤቴ ልማድ ሻዩንና ጣፋጩን አንድ ላይ አቀረብኩ። ሰውዬው ጣፋጩን ቀስ ብለው በልተው እስኪጨርሱ ሲኒውን ዞር ብለውም አላዩት። አረፋው ጠፋ፣ ሻዩም በረደ። በጃፓን የሻይ ሥርዓት ጣፋጩ እንደሚቀድምና መራራው ሻይ የጣፋጩ ጣዕም ከአፍ ሳይጠፋ እንደሚከተል የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን የመጨረሻዋ ቁራሽ ስትነሳ ነው መምቻውን የማነሳው።

ለማቻ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ዮካን ነው። ቀይ ቦሎቄ የሚመስል ደቃቅ ጥራጥሬ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በስኳርና ከባሕር አረም በሚገኝ ማርጊያ ይረጋል፤ እንደ ሳሙና ተቆራርጦ ይቀርባል። አንዲት የአገሬ ልጅ ቀምሳ፣

«እህቴ፣ ይሄ ቦሎቄ ነው እንዴ? በስኳር?» አለችኝና ሳህኑን ገፋችው።

አልፈረድኩባትም። ያዘዘችው ሻይ ግን ሄልና ቀረፋ ያለው፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ነበር። ምንም ያልተጨመረበት አረንጓዴ ሻይ በትንሽ ሲኒ አመጣሁላት፤ ግማሹን ዮካን በላች። ግማሹ ለእኔ በቂ ነው።

የሕንዶቹ ማሳላ ሻይ ወተቱን፣ ዝንጅብሉንና ስኳሩን ይዞ ስለሚመጣ ሳህኑ ላይ ጨውና ቃሪያ ይሻላል። በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ የሽንኩርት ፓኮራ፣ ወይም የእኛ ሳምቡሳ ዘመድ የሆነው ሳሞሳ። ከዚህ ሻይ ጋር በስኳር ሽሮፕ የተዘፈቀውን ጉላብ ጃሙን የሚያዝ አይጠፋም። አቀርባለሁ፤ ፊቴ ግን ሐሳቤን አይደብቅልኝም።

ለራሴ ምረጪ ብባል የታይዋንን የአናናስ ኬክ ጠበስ ካለ ኡሎንግ ሻይ ጋር ነው። ሽፋኑ ቅቤ ይበዛዋል፣ ውስጡ ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ነው፤ የሻዩ የእሳት ጠረን ቅቤውን ከምላስ ያነሳዋል። ኬኳ የአንድ ጉርሻ ያህል ብትሆንም አራት ቦታ እቆርጣታለሁ። በመጀመሪያው ሲኒ እንዳትጨርሷት ብዬ ለፈረንጆቹ ረጅም ማብራሪያ እሰጣለሁ፤ ኡሎንግ በዚያው ቅጠል ላይ ደጋግሞ ውሃ ይጨመርበታል፣ ጣዕሙም በየዙሩ ይለያያል። ሐበሻ ከሆነ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» እላለሁ፤ ወዲያው ለበረካ አንዷን ቁራሽ ዳር ያስይዛል።